ከቀኝ ጠርዝ ሠላሳ አንድ ሴንቲ

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ከእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ሁለት እርምጃ ወዲህ፣ የወለሉ ድንጋይ ውስጥ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ የባሕር ዛጎል አለ። እሱም ድንጋይ ሆኗል። ሰው ይረግጠዋል፤ ሻንጣ ይጎተትበታል፤ ጠዋት ጠዋት በመወልወያ ይታሻል። እዚያ መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያሉ ወለሎችን እዞራለሁ። አንድ ሻይ አዝዛለሁ፤ ብርጭቆውን ይዤ መቀመጫ የምመርጥ መስዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እሄዳለሁ፤ ዓይኔ ግን መሬት ላይ ነው። አንድ ቀን ጥበቃው ተከተለኝ።

«ወንድም፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ወለሉን ነው የማየው።»

እሱም ጎንበስ ብሎ አየ። «ንጹሕ ነው እኮ!» አለኝ ቅር ብሎት። ከዚያ ወዲህ ገና ከበር ሲያየኝ ወለሉን በዓይኑ ይፈትሻል።

ጠዋት ከሆነ ወደ ታቦር ወይም ወደ አላሙራ ተራራ እወጣለሁ። እዚያ የሚገኘው ግን እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ባልጩት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ፣ አመድ የነበረ ድንጋይ። ሐይቁ ድሮ ከፍ ብሎ በነበረበት ቦታ ትንንሽ ነጫጭ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ፤ እነሱ ግን በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ፣ ገና ድንጋይ አልሆኑም። ድንጋይ የሆነ ቅሪተ አካል ለማግኘት ባሕር የነበረበት አገር መሄድ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እሠራለሁ። ስለዚህ ከዚያ አገር ተቆርጦ የመጣውን ድንጋይ በመጣበት ቦታ እፈልገዋለሁ፤ በወለል፣ በደረጃ፣ በባንክ ግድግዳ ላይ።

አጌትም የምፈልገው እንደዚሁ ነው። አጌት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውስጡ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ድንጋይ ነው። አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ የወንዝ ጠጠር ይራገፋል። ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ፊቴን ወደ ፀሐይዋ አድርጌ ክምሩን ቀስ ብዬ እዞረዋለሁ። ሌላው ጠጠር ጥቁር ሆኖ ሲታይ አጌት ካለ ከውስጡ ይበራል። ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ መፈለግ ልፋት ብቻ ነው፤ ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በአራት ዓመት ሰባት አግኝቻለሁ። በእያንዳንዱ ላይ ነጭ ነጥብ ቀብቼ ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ ደብተሬ ላይ ቁጥሩ፣ ክብደቱ፣ የተገኘበት ክምርና ቀኑ አለ። ከየት ወንዝ እንደመጣ የሚለው ቦታ ግን ሰባቱም ላይ ባዶ ነው። የመኪናዎቹን ሾፌሮች ጠይቄ ነበር። አንዱ አንድ ወንዝ ይላል፣ ረዳቱ ሌላ ይላል፣ ከዚያ እዚያው እርስ በርስ ይከራከራሉ።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልኬ ላይ አነባለሁ፤ የማላውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ የሦስቱን ፎቶ ድንጋይ የሚወዱ ሰዎች ለሚሰባሰቡበት ቡድን ላክሁ። የመጣልኝ መልስ አንድ ነበር፤ «ይሸጣል?»

የምሠራው እብነ በረድ መቁረጫ ቤት ውስጥ ነው። የኩሽና ጠረጴዛ፣ የደረጃ መርገጫ፣ የመስኮት ደፍና የመቃብር ድንጋይ እናዘጋጃለን። ሦስት ነን። ባለቤቱ ጋሼ ደንበኛ ያናግራሉ፤ እኔ እቆርጣለሁ፤ የሥራ ጓደኛዬ ያለሰልሳል፣ ፊደልም እሱ ይቀርጻል። ጓደኛዬ ከወሬ የማይቦዝን ሰው ነው። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ፕሮፌሰር» ነው የሚለኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬስ ዳይኖሰር አልመጣም?»

«አልመጣም።»

«ሲመጣ ምሳ ሳልበላ እንዳትነግረኝ፤ ይዘጋኛል።»

እንዲህ ይላል፣ ከዚያ ማሽኑን ያስነሣል፤ እኔም የጆሮ መከላከያዬን አደርጋለሁ። ቀኑ በዚህ ያልፋል።

አንድ ማክሰኞ ግራጫ ድንጋዮች መጡ፤ ሁለት ትልልቅ ጠፍጣፋዎች። በመጋዝ የተሰነጠቁ እንጂ ገና ያልለሰለሱ ስለነበሩ ፊታቸው በዱቄት ተሸፍኗል። ሾፌሩ አንዴ ከዓባይ በረሃ ናቸው አለ፣ አንዴ ደግሞ ከሐረር በኩል። ዱቄቱን ላጥበው በጎማ ውሃ ለቀቅሁበት። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ውሃው ወደ ቀኝ ሲወርድ ጥቁር ጠመዝማዛ መስመር ወጣ። መጀመሪያ የገመድ አሻራ መሰለኝ። ውሃውን መልሼ አፈሰስሁበት። ገመድ አልነበረም። አንድ የባሕር እንስሳ፣ ከነቤቱ፣ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ተኝቷል። በመጽሐፍ አሞናይት የሚሉት ነው። ጠመዝማዛው በትንንሽ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነበር፤ ክፍሎቹ አንዳንዶቹ በነጭ፣ አንዳንዶቹ በማር ቀለም ክሪስታል ተሞልተዋል።

ዙሪያዬን አየሁ። ጋሼ ስልክ ላይ ናቸው። ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል። ቶሎ ብዬ ለካሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ ሰባት ሴንቲ። መሐሉ ከቀኝ ጠርዝ ሠላሳ አንድ፣ ከላይ ስድሳ አራት። ድንጋዩ በፀሐይ ደረቀና ጠመዝማዛው ጠፋ። ግራጫ ድንጋይ ብቻ ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ላይ ጥፍር የምታህል ዛጎል ስፈልግ ኖሬያለሁ።

በእኛ ቤት ልማድ ከግማሽ ሜትር የጠበበ ቁርጥራጭ የቆራጩ ነው። ወስዶ የፈለገውን ያደርገዋል። የድንጋዩ ስፋት አንድ ሜትር ከሠላሳ ነበር። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስፋቱ ከሰማንያ ያለፈ፣ ግን ከዘጠና ያልበለጠ ነገር የሚያዝዝ ሰው። ያኔ ከግራ እለካለሁ፤ ጠመዝማዛው በቀኝ ቁርጥራጭ ውስጥ ይቀርልኛል። ሌባ አልባልም። ማንም ምንም አይጎድልበትም።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሽማግሌ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው በደንብ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞተውባቸው የመቃብር ድንጋይ ፈልገው ነው፤ አርባቸው ከመድረሱ በፊት እንዲተከል። ሁለቱን ግራጫ ድንጋዮች በእጃቸው ዳሰሱና ሁለተኛውን መረጡ። ርዝመት አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ስፋት ሰማንያ አምስት።

ሰማንያ አምስት! ደብተሬ ላይ ቀድሜ ቁጥር ሰጠሁት፤ አርባ ስምንት። አጌቶቹንና ባልጩቶቹን ጨምሮ አርባ ሰባት ነበሩኝ። ጓደኛዬ «ምነው ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ታፏጫለህ?» አለኝ። ማፏጨቴን አላወቅሁም ነበር።

ሽማግሌው በማግሥቱም መጡ። ቅዳሜም እንዲሁ። የፕላስቲክ ወንበር ሳብ አድርገው፣ ከውሃው ብናኝ ራቅ ብለው ይቀመጡና ሥራውን ያያሉ። ቤት ሰው የላቸውም መሰለኝ። እኔ ላይ ዓይናቸውን የጣሉት ለኩሽና ጠረጴዛ ስለካ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የሜትሩ ጫፍ ይላወሳል። ከአሥር ጀምረህ ለካ፣ መጨረሻ ላይ አሥሩን ቀንስ።»

«እንደሱ ነው የማደርገው፣ አባባ። ይዩት።»

ተነሥተው መጡና አዩ። ሜትሩን የያዝሁት ከአሥር ላይ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ደግሞ እኔን አዩ።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ጫፉ ሲላወስ አይቼ ነው።»

ቀያሽ ነበሩ። የሀዋሳን መንገዶች፣ ብዙዎቹን፣ አሸዋና ሣር ብቻ ሳሉ በሜትርና በችካል የለኩት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። የትኛው ጎዳና ሲሠራ በስንት ሴንቲ እንደተጣመመ ያውቃሉ፤ አሁንም ያናድዳቸዋል። በባጃጅ ሲሄዱ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ ነገሩኝ። እንደማይቀልዱ ስላወቅሁ አልሳቅሁም።

ሰኞ ድንጋዩን ልቆርጥ ነበር። ጠመኔዬን ይዤ መስመሩን ሳሰምር ሽማግሌው ገቡና ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ «ቆይ» አሉኝ። «ስፋቱን ለውጫለሁ። አንድ ሜትር ከሃያ ይሁን።»

«አንድ ከሃያ?»

«የሷ ስም በግራ ይጻፋል። ቀኙ ባዶ ይተዋል። ለእኔ።»

ጓደኛዬ ማሽኑን አጥፍቶ ዞረ። «ኧረ አባባ! በቁምዎ ቦታ ይይዛሉ እንዴ? ይኼ ጥሩ አይደለም፣ ሞትን መጥራት ነው።»

«ቦታ መያዝ ሥራዬ ነበር» አሉ።

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ሒሳቡን እየሠራሁ ነበር። ከአንድ ሠላሳ ላይ አንድ ሃያ ሲነሣ የሚቀረው አሥር ሴንቲ ነው። አሥራ ሰባት ሴንቲ አሥር ውስጥ አይገባም። ከግራም ልቁረጥ ከቀኝ፣ ጠመዝማዛው በሽማግሌው ድንጋይ ላይ ይቀራል፤ ድንጋዩን ብገለብጠው ደግሞ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ጋሼ ወጥተው ነበር። ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ይህን ተናገርሁ።

«አባባ፣ ለዚህ ስፋት ይኼኛው አይሆንም። ስንጥቅ አለው። ያኛውን ብናደርገው ይሻላል።»

«የት ጋ ነው ስንጥቁ?»

ጣቴን ወደ አንድ ቦታ ዘረጋሁ። ምንም የሌለበት ቦታ ነበር። «ውስጥ ውስጡን ነው። አይታይም።»

በመለኪያ ነገር ዋሽቼ አላውቅም። ግማሽ ሴንቲ ስቼ ብቆርጥ እንኳ ራሴ ሄጄ ለጋሼ የምናገር ሰው ነኝ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሽማግሌው የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአንድ ጥግ ጀምረው ያንኳኩ ጀመር፤ በየሁለት ስንዝሩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል፤ ጥርት ያለ ድምፅ። እኔ ያሳየሁት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ያው ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ የወሰን ድንጋይ ስተክል ነው የኖርሁት። የተሰነጠቀ ድንጋይ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚያወራው። ይኼ ጤነኛ ነው።» ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ምን ፈልገህ ነው?»

ጓደኛዬም እያየኝ ነበር። የውሃውን ጎማ አነሣሁና ድንጋዩ ላይ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ የውጪው ክብ ወጣ፤ ከዚያ ግድግዳዎቹ፤ መጨረሻ ላይ መሐሉ፣ ጠባቧ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህለው የመጀመሪያዋ ክፍል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ውሃው ጫማቸውን እያረጠበ እንደሆነ ስነግራቸው አልሰሙኝም።

«ቀንድ አውጣ» አሉ በመጨረሻ።

«አይደለም አባባ። የቀንድ አውጣ ቤት ውስጡ አንድ ወጥ ነው። ይኼ ግድግዳ አለው፤ እዚህ፣ እዚህ፣ ይኸው እዚህም። ሃያ ሁለት ክፍል ቆጥሬያለሁ። እንስሳው የሚኖረው መጨረሻው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ሲያድግ የኋላውን ይዘጋና ወደ ፊት ይወጣል። የባሕር ነው። አሁን ዘሩ ጠፍቷል።»

«ጨርሶ?»

«አንድም አልቀረም።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«በትክክል አላውቅም። ከየት እንደተቆረጠ ቢታወቅ መገመት ይቻል ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሳይሆን አይቀርም።»

«እና ይኼን ለመውሰድ ነው የሚስቴን ድንጋይ ስንጥቅ አለው ያልኸኝ?»

«አዎ።»

ጓደኛዬ ጣልቃ ገባ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉት። ይኼ ልጅ ሴት ቀጥሮ አያውቅም። ከድንጋይ ጋር ነው የሚውለው፣ ከድንጋይ ጋር ነው የሚያድረው። ትንሽ ነክቶታል።»

ሽማግሌው ትከሻቸው ተነቃነቀ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ሲስቁ አየሁ፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ አንድ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ደግፈው።

«ቀንድ አውጣ ጠላቷ ነበር» አሉ። «ጎመኗን እየበሉባት። ጠዋት ጠዋት ጨው በጣሳ ይዛ ጓሮውን ትዞራለች። እኔ ተዪያቸው እላለሁ፣ እሷ እኔንም ትሰድበኛለች።»

«ይኼ ግን ቀንድ አውጣ አይደለም።»

«እሺ፣ ለሷ ማን ያስረዳት?»

በዚያች ቅጽበት ተስፋ አደረግሁ፤ ይህን አልደብቅም። ሚስታቸው የማይወዱትን ነገር መቃብራቸው ላይ አያስቀምጡም፣ ሌላኛውን ድንጋይ ይወስዳሉ፣ ይኼኛው ይተርፋል ብዬ አሰብሁ። ውሃው እየደረቀ ነበር። እሳቸው ግን ጠመዝማዛውን ከጫፍ ጀምረው በጣታቸው ወደ ውስጥ እየተከተሉት ነበር።

«በየትኛው በኩል ነው የሚውለው?»

«በቀኝ።»

«ቀኙ የኔ ነው?»

«አዎ፣ የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው ይሁን። ቀንድ አውጣ ይዤ አጠገቧ ስተኛ ትነጫነጭ።» ይህን ብለው መነጽራቸውን አወለቁና በኮታቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። መነጽሩ ውሃ አልነካውም ነበር።

ጋሼ ሲመለሱ ሽማግሌው ስለ ስንጥቁ አንድም ነገር አልነገሩብኝም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቆረጥሁት። አሥር ሴንቲ ከአንድ ወገን ማንሣት ቀላል ነው፤ አንድ መስመር፣ አንድ ቁርጥ፣ አለቀ። ግን የሽማግሌው ድርሻ ስድሳ ሴንቲ ነው፤ ግማሹ ሠላሳ። ጠመዝማዛው ያለው ሠላሳ አንድ ላይ ነው። ከግራ ዘጠኝ፣ ከቀኝ አንድ አነሣሁ። ድንጋዩን አዙሮ እንደገና ማስተካከል አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ ከጠርዝ አንድ ሴንቲ ብቻ መሸረፍ ደግሞ ለዲስኩም ጥሩ አይደለም። ጓደኛዬ ምን እንደማደርግ ስላልገባው ቆሞ አየኝ። ሽማግሌው በማግሥቱ መጥተው የራሳቸውን ሜትር አወጡ። ከአሥር ጀምረው ለኩ። ከጠርዝ እስከ መሐሉ። ከዚያ ከመሐሉ እስከ ድርሻቸው ወሰን። ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሠላሳ፣ ሠላሳ» አሉ።

ድንጋዩ እስኪለሰልስና ፊደሉ እስኪቀረጽ ስድስት ቀን ፈጀ። በነዚያ ቀናት በየዕለቱ መጡ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሰባቱን አጌቶች በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁ። ከዚያ ፎቶ በቀር ለማንም አሳይቼ አላውቅም ነበር፤ እንዴት ተደርገው እንደሚቀርቡ እንኳ አላውቅበትም። ዝም ብዬ ወንበራቸው አጠገብ የጀሪካን ክዳን ላይ ደረደርኋቸው። ሽማግሌው አንዱን አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዙት። አራተኛዋ ነበረች፤ ቀይና ነጭ፣ መሐሏ ክፍት።

«የት አገኘኸው?»

ድንጋይ እሰበስባለሁ ስል ሰው ሁሉ ይሸጣል ወይ፣ ምን ይሠራል ወይ ነው የሚለኝ። የት አገኘኸው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስለ ክምሮቹ፣ ስለ ሾፌሮቹ፣ ደብተሬ ላይ ባዶ ስለቀሩት ሰባት ቦታዎች ነገርኋቸው። ሳላቋርጥ ብዙ አወራሁ፤ ምናልባት በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ሽማግሌው አንዳንድ ጊዜ እያስቆሙ ይጠይቁኛል። ጠጠሩ ክብ ነው ወይስ ማዕዘን አለው? አሸዋው ምን ቀለም ነው? ከዚያ በጠመኔ ወለሉ ላይ ወንዞች መሳል ጀመሩ። ይኼኛው ጠጠሩን ክብ ያደርጋል፣ ያኛው አጭር ስለሆነ አያደርግም፣ አሸዋው ጥቁር ከሆነ ከዚህ በኩል ነው እያሉ። ከሰባቱ ሦስቱን ከየት እንደመጡ አብረን ገመትን። ደብተሬ ላይ በእርሳስ ጻፍሁ፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። የጥያቄ ምልክቱን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸው።

የተከላው ቀን ከአዲስ አበባ ልጃቸው መጣ። በመኪናችን ድንጋዩን ይዘን መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዘመዶች ተሰብስበው ነበር። ሲሚንቶ አቦካን። ስድስት ሰው ሆነን ድንጋዩን አወረድን፤ ውሃ ልክ አስቀምጬ በሁለት አቅጣጫ አስተካከልሁ። በለሰለሰው ድንጋይ ላይ ጠመዝማዛው ያለ ውሃም ይታይ ነበር። ልጅየው አየውና ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ጫረው።

«ይኼ ምንድን ነው? እድፍ ነው እንዴ?» ወደ ጋሼ ዞረ። «ድንጋዩ ንጹሕ ነው ብለውን አልነበር?»

ጋሼ እኔን አዩ። እኔ ሽማግሌውን አየሁ። ሽማግሌው የሚስታቸውን ስም እያነበቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ተወው» አሉ። «እኔ ነኝ የመረጥሁት።»

«ግን አባዬ፣ ያስጠላል እኮ፤ ከቦታው ጋር አይሄድም።»

«እኔ ነኝ የመረጥሁት አልሁ።»

ሊያስረዱት ይችሉ ነበር። ሃያ ሁለቱን ክፍሎች፣ የጠፋውን ባሕር፣ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ግን አንድ አፍታ ወደ እኔ ዞር ብለው ዓይኔን አዩና መልሰው አቀረቀሩ። ልጅየው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እኔ የሲሚንቶውን ትራፊ በስፖንጅ እጠርግ ጀመር፤ ከጠመዝማዛው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፤ ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር።

ዕቃችንን ስንጭን መጡ። ልጃቸው ይዟቸው ሊሄድ መሆኑን ነገሩኝ። ቤቱ ይከራያል። «እምቢ ብዬው ነበር» አሉ፤ «ግን ብቻዬን ምን እሠራለሁ?» ይህን ሲሉ ወደ መኪናው እንጂ ወደ እኔ አላዩም። ከዚያ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ።

«ስልክ ቁጥርህን ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። አሥሩንም አኃዝ ቀስ ብለው ጻፉና መልሰው አነበቡልኝ።

«ለልጄ እሰጠዋለሁ። በኔ በኩል ያለውን የምታስጽፈው አንተ ነህ። ከታች ይሁን፣ ከሱ በታች፣ አምስት ሴንቲ ዝቅ ብሎ። ሌላ ሰው መጥቶ ቀንድ አውጣው ላይ ፊደል እንዳይቆፍርበት።»

«እሺ፣ አባባ።» ቀንድ አውጣ አይደለም አላልሁም።

«እኔ አልደውልልህም እንግዲህ። የሚደውሉልህ እነሱ ናቸው።»

እጄ ሲሚንቶ ስለነበረ ክንዴን ጨበጡኝ። ጓደኛዬ ከመኪናው ላይ ሆኖ «ፕሮፌሰር፣ ና እንጂ!» ይለኛል።

ደብተሬ ላይ አርባ ስምንተኛው ቁጥር እንዳለ ነው። መጠኑን ጽፌበታለሁ፤ አሥራ ሰባት ሴንቲ፣ ሃያ ሁለት ክፍል። የሚገኝበት ቦታ በሚለው የመቃብሩን ቦታ አስገባሁ። አንዳንድ እሁድ ከሆቴል ወለል ይልቅ ወደዚያ እሄዳለሁ። ድንጋዩ አልተነቃነቀም፤ ውሃ ልክ ይዤ ሄጄ አረጋግጫለሁ። ባዶው ግማሽ ባዶ ነው። ወንበሩ እዚያው መቁረጫ ቤት አለ፤ አሁን ጓደኛዬ ጃኬቱን ይሰቅልበታል።

ስልኬ ድሮም ብዙ አይጮህም። ሳምንት ሙሉ ሳይጮህ ይቀራል፤ በፊት ይህ ይከብደኝ ነበር፤ ስክሪኑን አብርቼ አየው ነበር። አሁን ሳይጮህ ሲመሽ «ጥሩ» እላለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ማሽኑን አጠፋለሁ፣ እጄን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማነሣው። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ቁጥር ተደወለ። አራት ጊዜ ጮኸ። ጓደኛዬ «አንሣው እንጂ፣ ባለዕዳ ነህ እንዴ?» አለኝ። አነሣሁት።

የሴት ድምፅ ነበር። እዚህ ሀዋሳ ቤት እያሠራች ነው፤ ለኩሽና ጠረጴዛ ግራጫ ድንጋይ እንዳለን ሰው ነግሯታል።

«አለ» አልኋት፤ ግድግዳውን ተደግፌ። «ስንት በስንት ነው የሚፈልጉት?»